ስህተት ብቻ

ደብዳቤው ከስብሰባው በፊት ተጽፎ ማለቁን ሽቦ የሰማው ሻይ ሊያመጣ ሲወርድ ነው። የምክትል ሥራ አስኪያጁ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጸሐፊዋ "ቀኑንስ ምን ልበለው?" ስትል ሰማ፤ ምክትሉም "የዛሬን አድርጊው፤ ከሰዓት ከስብሰባው እንደወጣን እፈርምበታለሁ" አላት። ጸሐፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሳትሰሟት?" አለች። "ምኗን ነው የምንሰማው?" አለ ምክትሉ። "ሰርቨሩ አይዋሽም። የሚዋሽ ሰው ነው።" ሽቦ አንድ እግሩ አንዱ ደረጃ ላይ፣ ሌላው እግሩ ሌላው ደረጃ ላይ እንዳለ ቀረ። ደብዳቤው የስንብት ደብዳቤ ነበር፤ የምትሰናበተውም የገዛ እህቱ ናት።

ሽቦ መሥሪያ ቤት የወጣለት ስም ነው። ሥጋ የሚባል ያልዞረበት ረጅም ሰው ሆኖ ቀኑን ሙሉ ከገመድና ከማሽን ጋር ስለሚውል፣ አንድ ተረበኛ "ይሄን ሰውዬ ከሽቦዎቹ ጋር አደባልቃችሁ እንዳትሰኩት" ብሎ ቀለደበት፤ ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉን ሰርቨሮች የሚጠብቀው እሱ ነው። እህቱ ደግሞ ከእሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ስልክ ተቀባዮች ክፍል ትሠራለች፤ የሚጮኸውንም የሚያለቅሰውንም አረጋግታ አድራሻውን ትጽፋለች፣ ቅርብ ላለው ሹፌር ስክሪን ላይ ትልካለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ አምቡላንስ ሲጠብቁ ቤታቸው ውስጥ ሞቱ። እሷ "ጥሪውን ልኬያለሁ" አለች፤ ሹፌሩ "አልደረሰኝም" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ታግዳ ቤት ዋለች።

ወንድምና እህት የሚኖሩት አብረው ነው፣ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ባሉት ኪራይ ቤት። ታላቋ እሷ ናት፤ ያሳደገችውም እሷው ናት፣ ለዚህም ነው ሪዝ አውጥቶ እንኳ "ማሙሽ" ማለቷን ያልተወችው። እሱ "እቴቴ" ይላታል። ከታገደች ወዲህ ግን ሁለቱም ስም ከቤቱ ጠፍቷል። ዛሬ ጠዋት የደንብ ልብሷን ተኩሳ፣ ለብሳ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ስብሰባው ከሰዓት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። "ዳቦ አለ" አለችው። "በልቻለሁ" አላት፣ ሳይበላ። ዳቦ ስንት እንደገባና የጎረቤቱ ሕፃን ሌሊቱን ሲያለቅስ ማደሩን ካወሩ በኋላ የሚያወሩት አለቀ። ሊጠይቃት የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ላለመጠየቅ ጫማውን አስሮ፣ ፈትቶ፣ እንደገና አሰረ። እሷም የሚጠይቃትን ስለምታውቅ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። በሩን ሲዘጋ ቀና አላለችም።

ሻዩን ሳያመጣ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ተመለሰ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ማቀዝቀዣው ያለማቋረጥ ያጉረመርማል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የተቀመጠ ሰው ጣቱ ይደነዝዛል። ምክትሉ ትናንት ማታ ያዘዘው አጭር ነበር፤ "የዚያን ቀን ሎግ አውጥተህ፣ ጥሪው መላኩን ካላገኘህበት 'የለም' ብለህ ፈርመህ ታመጣልኛለህ።" ሎግ ማለት ማሽኑ የሠራውን ሥራ መስመር በመስመር እየጻፈ የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው። ስልክ መደወሉ ሌላ ቦታም ይመዘገባል፤ ጥሪው ወደ ሹፌሩ ስክሪን መላኩ ግን ከሎጉ በቀር ምስክር የለውም።

ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈተ። የጥሪውን ቁጥር ጻፈና ያን ቀን ሎግ ውስጥ ፈልግ ብሎ አዘዘ። ማሽኑ ቅጽበት እንኳ አልፈጀበትም። ስልኩ የተደወለበት መስመር መጣ። ስልኩን እህቱ ማንሳቷን የሚናገረው መስመር መጣ። አድራሻው መጻፉን የሚናገረው መጣ። ከዚያ በኋላ ጠቋሚዋ ብቻ ባዶው መስመር ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ተልኳል የሚል የለም። ትእዛዙን ደግሞ ጻፈው፤ ፊደል የሳትኩ እንደሆነ ብሎ ሦስተኛ ጻፈው። ያው ነው።

ያን ሰሞን እህቱ ሁለት ተረኞች ቀርተውባት የእነሱንም ፈረቃ ትሸፍን እንደነበር፣ ቤት ገብታ ማንኪያ እንደያዘች እንቅልፍ ይወስዳት እንደነበር ትዝ አለው። የደከመ ሰው አድራሻውን ጽፎ፣ ጣቱን ሰንዝሮ፣ ሳይጫን የተጫነ መስሎት ቢያልፍስ? ደግሞ ሌላ ስልክ ይጮሃል፤ እዚያ ክፍል ስልክ መች ያባራል? "እቴቴ ምን አድርገሽ ነው?" አለ ድምፁን አውጥቶ። ለብቻው ቢሆንም ከአፉ የወጣው ነገር አሳፈረው።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ምክትሉ አስቀድሞ አስጽፎታል፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ሽቦ እስክሪብቶውን አነሳ። ባይፈርም ሌላ ሰው ይፈርማል፤ ውሸት አይደለም፣ በዓይኑ አይቶታል፣ የለም። ሆኖም እጁ እሺ አላለውም። ሰበብ ፍለጋ ይሁን እውነት ፍለጋ ራሱም አያውቀውም፤ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ስክሪኑ ዞረ። የእህቱን ጥሪ ተወውና የሌሎቹን ተቀባዮች ፈለገ። ያን ቀን ጠዋት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በሰላም ሆስፒታል ደርሳ ሹፌሩ በደስታ ለሁሉም ከረሜላ ሲያድል እሱም ደርሶታል። የዚያችን ሴት ጥሪ ፈለገ። ስልኩ አለ፣ አድራሻው አለ። ተልኳል የሚል ግን የለም።

ሽቦ ከወንበሩ ብድግ አለ። ያቺን ሴት አምቡላንስ ወስዷታል፤ ያልተላከ ጥሪ ማንን ይወስዳል? ሌላ ጥሪ ፈለገ፣ ሌላም ጨመረ። በከተማው ሁሉ አምቡላንስ ሲሮጥ የዋለበት ቀን ነው፤ በሎጉ ከሄድን ግን ያን ቀን ማንም ለማንም ምንም አልላከም። ቁጭ አለና፣ እያንዳንዱ የሲስተሙ ክፍል በምን ደረጃ ሎግ እንደሚጽፍ የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ጻፈ። ማሽን የሚጽፈው የታዘዘውን ያህል ነው። "ዝርዝር" ካሉት ሁሉንም ይቀባጥራል፤ "መረጃ" ካሉት ዋና ዋናውን ይጽፋል፤ "ስህተት ብቻ" ካሉት ደግሞ አንድ ነገር እስኪበላሽበት ድረስ አፉን አይከፍትም። ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ ወረደ። ስልክ መቀበያ፦ መረጃ። አድራሻ መመዝገቢያ፦ መረጃ። ካርታ፦ መረጃ። ጥሪ መላኪያ፦ ስህተት ብቻ።

የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሞ አነበባት። ደረጃዎቹ የተጻፉበት የማዘዣ ፋይል መቼ እንደተነካ ማሽኑን ጠየቀ፤ እሱ ታሞ ፈቃድ ላይ በነበረበት ሰሞን ነው። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በትክክል የተላከውን ጥሪ ሁሉ እያየ ዝም ሲል ከርሟል ማለት ነው። የልብ ልብ ተሰማው፤ ወረቀቱን ሳይፈርም አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ምክትሉ ቢሮ ወረደ።

ምክትሉ ክፉ ሰው አይደለም። መኪና ሲበላሽ ከነሱፉ መሬት የሚተኛ፣ የሠራተኛ ልጅ ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ሽቦ የነገረውን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። "አስታወስኩት" አለ በመጨረሻ። "ዲስኩ ሞልቶ ሲስተሙ ሊቆም ነበር። አንተ ተኝተሃል። ሲስተሙን የገጠሙልን ሰዎች ጋ ደውዬ 'እንደምንም አድርጉልኝ' አልኳቸው። ምን እንዳደረጉ አልጠየቅኳቸውም። ሠራ፣ አለቀ።"

"ታዲያ ይህን ስብሰባው ላይ ልናገር።"

"ትናገርና ምን ይሆናል?" ምክትሉ በሩን ሄዶ ዘጋው። "ስማ፣ እኔ ልጎዳህ አይደለም። ሰው ሞቷል። የበላይ አካል 'ማን ነው?' እያለ ነው። አንተ ተነስተህ 'ማሽኑ ነው' ብትል፣ ወንድሟ መሆንህን የማያውቅ የለም። ቃልህን የወንድም ቃል ነው የሚሉት። ከእሷ ጋር አንተም ትሄዳለህ። ሁለታችሁም ሥራ ስትፈቱ ኪራዩን ማን ይከፍልላችኋል?"

ሽቦም ሰውዬው ያለው እውነት መሆኑን ያውቃል። ከሰዓት እስኪደርስ ድረስ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ በብርድ ተቀምጦ ያንኑ እያገላበጠ አሰበ። የወንድምን ቃል ማንም አያምንም። እንግዲህ ቃል መናገር የለበትም።

የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛና የማይመሳሰሉ ወንበሮች አሉት። ሰብሳቢዋ ዕድሜያቸውን በነርስነት የጨረሱ፣ ሁሉም "ሲስተር" የሚላቸው ሴት ናቸው፤ ንግግር ሲረዝም መነጽራቸውን ያወልቃሉ። በቀኛቸው ምክትሉ፣ በግራቸው ሹፌሩ ተቀምጧል። ሹፌሩ መንገዱ ባዶ ሆኖም እንኳ ሳይረን ካልነፋ ደስ ስለማይለው "ጡሩምቤ" ይሉታል፤ ዛሬ ግን ሳል እንኳ እያፈነ ነው። በሩ አጠገብ የሟች ልጅ አለች፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጥቁር ሹራቧ ክንድ ላይ ነጭ የክር ቁራጭ ተጣብቋል። እህቱ ማዶ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሽቦ ላፕቶፑን ታቅፎ ሲገባ አይታው ወዲያው ዓይኗን ሰበረች።

"የሰርቨሩ ባለሙያ ያገኘውን ይንገረን" አሉ ሲስተር።

"ሎጉ ላይ ጥሪው መላኩን የሚያሳይ መስመር የለም" አለ ሽቦ።

የእህቱ ትከሻ ሲወርድ አየ። ምክትሉ በረጅሙ ተነፈሰና እጁን ለወረቀቱ ዘረጋ።

"ወረቀቱን አልፈረምኩም" አለ ሽቦ። "ሲስተር፣ ወንድሟ ነኝ፤ ቃሌን እንዲያምኑ አልጠይቅም። አንድ ነገር በዓይንዎ ይዩልኝ፣ ከዚያ የፈለጉትን ይወስኑ። ጋሼ፣ ስክሪንዎን ይዘዋል?" ሹፌሩ የጥሪ መቀበያ ስክሪኑን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሽቦ ላፕቶፑን ወደ እህቱ ገፋ አደረገላት። የስልክ ተቀባዮቹ ገጽ ተከፍቶበታል። "የሙከራ ጥሪ ላኪላቸው። ልክ እንደ ሁልጊዜው።"

እህቱ አየችው። ከሳምንት ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። አድራሻውን ስትጽፍ ሁለት ጊዜ ሳተች። ከዚያ ተጫነች። የሹፌሩ ስክሪን ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ፤ ጡሩምቤ ከልማድ የተነሳ ከወንበሩ ሊነሳ ቃጣው።

"ደረሰዎት?"

"ደረሰኝ እንጂ! ስትሰሙ።"

ሽቦ ላፕቶፑን ወደ ሲስተር አዞረ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አሁን የተላከውን ጥሪ ፈልግ ብሎ አዘዘ። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። ባዶ። "ሲስተር፣ አሁን ስትልክ አይተዋል፣ ሲደርስም ሰምተዋል። ሎጉ ግን አልላከችም እያለ ነው።" ከዚያ የደረጃዎቹን ዝርዝር አወጣና "ስህተት ብቻ" በሚለው ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ማሽኑ ደህና የተላከ ጥሪ እንዳይጽፍ መታዘዙን፣ መልእክቱ መንገድ ላይ ተቀባይ አጥቶ ቢቀር እንኳ ጠብቆ ይተወዋል እንጂ እንደ ስህተት እንደማይቆጥረው በአጭሩ አስረዳ። ደረጃውን በአንድ ትእዛዝ ከፍ አደረገና እህቱን "ድገሚው" አላት። ስክሪኑ እንደገና ጮኸ። በዚህ ጊዜ ጥቁሩ መስኮት ላይ አንዲት መስመር ወጣች፤ የላከው፣ የተቀበለው፣ ሁሉም ተጽፏል።

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። "ደረጃውን ማን ዝቅ አደረገው?"

ምክትሉ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። "እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አለ። "ዲስክ ሞልቶብን ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ያን ቀን መላኳን አያረጋግጥም።"

"አያረጋግጥም" አለ ሽቦ። "አለመላኳንም አያረጋግጥም።"

ይህን ጊዜ ሹፌሩ "እኔስ ልናገር?" አለ። "ያን ቀን የቆምኩት ከድልድዩ ሥር ነው። እዚያ ኔትወርክ ጭራሽ እንደሌለ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። እኔ 'አልደረሰኝም' አልኩ እንጂ 'አልላከችም' መች ወጣኝ? የጠየቃችሁኝ 'ደርሶሃል ወይ?' ብላችሁ ነው። የት ቆመህ ነበር ያለኝ የለም።" ፊቱ በላብ ተጠመቀ። "እዚያ የቆምኩት ጥላ ፍለጋ ነው። ይኸው ተናገርኩ።"

ሲስተር ብዙ አላወሩም። እገዳው ይነሳ፣ ከእንግዲህ ሹፌሩ መቀበሉን ካላረጋገጠ ተቀባዩ በስልክ ይደውልለት አሉ። ምክትሉ ጻፈው። ሊነሱ ሲሉ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ተናገረች፤ ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር።

"እሷ ልካለች። እሱ አልደረሰውም። እርስዎ ዲስክ ሞልቶብዎት ነው።" አንድ በአንድ አየቻቸው። "ሁላችሁም ልክ ናችሁ። አባቴስ?"

ያን ቀን የደወለችው እሷ ነበረች። ዓይኗ መጨረሻ ላይ እህቱ ላይ አረፈ። "ድምፅሽን አውቀዋለሁ" አለቻት። "'መንገድ ላይ ናቸው' አልሽኝ። እኔም ለአባባ 'መንገድ ላይ ናቸው' አልኩት። እስከመጨረሻው በሩን ሲያይ ነበር።"

እህቱ ተነሳች። ጠረጴዛውን ዞራ ሄዳ ልጅቷ ፊት ቆመች፤ ልታቅፋት እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። "ብዬሻለሁ" አለች። "መንገድ ላይ አልነበሩም። ብዬሻለሁ።" ልጅቷ ጥቂት ቆማ አየቻትና በሩን ከፍታ ወጣች። ኮቴዋ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ከቦታው የተነቃነቀ የለም።

ወንድምና እህት ወደ ቤታቸው የሄዱት በእግራቸው ነው። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ጥግ ድረስ ደርሶ ነበር። መንገድ ላይ ሽቦ ብዙ ነገር ለመናገር ጀምሮ ተወው። ቤት ሲገቡ ክፍሉ ደብዘዝ ብሏል፤ መብራቱን ያበራ የለም። እህቱ በደንብ ልብሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ማሙሽ" አለችው።

"ወዬ እቴቴ።"

"ጠዋት ሎጉን ስትከፍት መጀመሪያ የፈለግኸው የማንን ነው?"

መዋሸት ይችል ነበር። "ያንቺን" አላት። "ሳጣው... መስሎኝ ነበር። ደክሟት ነው አልኩ።"

ይከፋታል ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። "እኔም ከራሴ ነው የጀመርኩት። ሳምንቱን ሙሉ ጣቴን እያየሁ 'ተጭነሻል? አልተጫንሽም?' ስላት ከረምኩ። መጀመሪያ ሰሞን እርግጠኛ ነበርኩ። እነሱ 'የለም፣ የለም' ሲሉኝ፣ ቆይቶ እኔም የለም አልኩ። ዛሬም አንተ ያን ሁሉ አሳይተህ፣ አሁንም አላውቀውም።"

ሽቦ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አልጋው ሲጥጥ አለ። ግድግዳው ማዶ የጎረቤቱ ሕፃን ይስቃል፣ አንድ ሰው ምስማር ይመታል።

"ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ" አለች። "አንዱ ደውሎ 'መንገድ ላይ ናቸው ወይ?' ቢለኝ ምን እላለሁ? ከእንግዲህ ያን ቃል አፌ የሚያወጣው አይመስለኝም።"

"'ልኬያለሁ' በይው" አላት ሽቦ። "'ልኬያለሁ፤ ጥሪው እንደደረሰው ሹፌሩ እስኪነግረኝ ድረስ ስልኩን እንዳትዘጋ፣ አብሬህ ነኝ' በይው።"

"ልኬያለሁ" አለች እህቱ፣ በለሆሳስ፣ አዲስ ቋንቋ እንደሚለማመድ ሰው። "ሹፌሩ እስኪነግረኝ ድረስ ስልኩን እንዳትዘጋ። አብሬህ ነኝ።" አንድ ጊዜ ደገመችው። ድምፅዋ መሀል ላይ ተሰበረ፤ ጠበቃት። ሦስተኛ ስትለው ሳይሰበር እስከ መጨረሻው ዘለቀ። ከዚያ ተነስታ መብራቱን አበራችና የሚበላ ነገር ልትፈልግ ገባች።